ወደ ሐረር ከመነሣታችን በፊት

መምህር የሆነ ሰው በዓመት ውስጥ ረዥም ዕረፍት የሚያገኘው ሰማዩ ከጧት እስከ ማታ በሚያንጠባጥብበት ወራት ነው። በሌላው ዓለም የዕረፍት ወራት የፀሐይ ወራት ነው ይባላል፤ የእኛ ግን ጭቃና ጉም ነው። እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. የሰኔ ፈተና ታርሞ ካለቀ በኋላ፥ ዕድሜው ከእኔ ዕድሜ በእጥፍ የሚበልጥ ቮልስ ይዤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ልሄድ ነው ብዬ ስናገር፥ የመምህራን ክፍል በሳቅ ተናወጠ። አንዱ ባልደረባዬ «ከለቡ በባቡር ተሳፍረህ ድሬዳዋ መውረድ እያለልህ!» አለኝ። ሌላው ደግሞ «አውቶቡስ ምን በደለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ዳሩ ግን ጉዞውን ያሰቡት እኔ ሳልሆን አባቴ ስለ ነበሩ፥ የማደርገው አልነበረኝም።

የአባቴ ታላቅ እኅት በሐረር ይኖራሉ። እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላቸው። ባለፈው መጋቢት ወድቀው ዳሌአቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም። አባቴ ከዚያ በፊት በየዓመቱ ሐምሌ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤልን ተሳልመው፥ ከዚያ ወደ ሐረር አልፈው እኅታቸውን ይጠይቁ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሰውን ሁሉ በየቤቱ ሲዘጋ ይህ ልማድ ተቋረጠ፤ ከዚያም አንድ ዓመት በአንድ ምክንያት፥ ሌላው ዓመት በሌላ ምክንያት እየተላለፈ አምስት ዓመት ሞላው። በዚህ ዓመት ግን «እትዬ ሳላያት አትሞትም፤ እኔም ሳላያት አልሞትም» ብለው ቆረጡ። በምን እንደሚሄዱ የጠየቃቸው አልነበረም። ወደ ሐረር የሚኬደው በቮልሱ ነው፤ ይህ በቤታችን እንደ ሕግ ያለ ነገር ነው።

ስለ ቮልሱ ጥቂት ልናገር። በፈረንጆች 1966 የተሠራ ሲሆን፥ አባቴ በመሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሳሉ በ1979 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ ሰው ላይ ገዙት። እኔ ከመወለዴ በፊት የቤተ ሰቡ አባል ነበር ማለት ነው። ፋብሪካው የዚህን ዓይነት ኦቶሞቢል ከ21 ሚሊዮን በላይ ከሠራ በኋላ የመጨረሻውን በሜክሲኮ አገር በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. አውጥቶ ይህን ዓይነት መሥራቱን አቁሟል። እኛም አገር ቢሆን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚን የሚሄድ የቤት ኦቶሞቢል እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፥ በየመንገዱ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ሄደዋል። በነዚህ መካከል የአባቴ ቮልስ ሲያልፍ፥ በሠርግ ቤት መካከል ከባላገር እንደ መጣ አጎት ያለ ነገር ነው፤ ሁሉም ዞሮ ያየዋል፥ ሁሉም ፈገግ ይላል፥ ግን ማንም አብሮት ሊቀመጥ አይሻም።

ከነገሩ ሁሉ የከበደው ማን ይነዳል የሚለው ነበር። አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም ዐይናቸውን አይቶ «ሞራ ነው፤ ይገፈፋል» ቢላቸውም፥ ዛሬ ነገ እያሉ ቆይተዋል። ማታ ማታ ጋዜጣውን ወደ መብራቱ አስጠግተው እንደሚይዙት ሁላችንም እናያለን፤ ማንም ግን አይናገርም። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ቮልሱን ግን ከሰፈር አልፌ ነድቼው አላውቅም፥ አልተፈቀደልኝምና። «መንዳቱን ለእኔ ተወው፤ አንተ አዘጋጀው» አሉኝ። እናቴ ደግሞ ማድ ቤት ጠርታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «መሪውን አንተ ካልያዝኸው ከዚህ ቤት አትወጡም፤ እንዴት እንደምታደርገው አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። አንባቢ ሆይ፥ በሁለት ወላጆች መካከል የቆመ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ፤ ለሁለቱም «እሺ» ይላል።

እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱን በሥርዐት ልያዝ ብዬ አንድ ደብተር ገዛሁና 31 ነገር ጻፍሁበት። የወንበር ልብስ፥ ሬዲዮ፥ ፖርቶ መጋላ፥ ቀለም የለቀቀው ፓራውልት፥ ስፖኪዮ እያልሁ ስወርድ ፍሬን 19ኛ ተራ ላይ ደረሰ። ይህን ደብተር ይዤ ለአባቴ ቮልስ ለብዙ ዓመት መካኒክ ወደ ሆኑት ሽማግሌ ጋራዥ ሄድሁ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ደብተሩን አገላበጡና «መምህር፥ ጽሕፈትህ ያምራል፤ ግን ገልብጠህ ከመጨረሻው ጀምር። መሄዱን ከማየታችን በፊት መቆሙን እንይ» አሉኝ። እኔ ግን የወንበሩን ልብስና ሬዲዮውን አስቀድሜ ገዝቼ ነበር። ይህን አልነገርኋቸውም።

ሥራው የጀመረው ከሞተሩ ነው። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ፥ ሻንጣው ከፊት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ውኃ የማይጠጣ መሆኑ ለጉዞ ምን ማለት እንደ ሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚያመጣው ማራገቢያ ነው፤ ማራገቢያውን የሚያዞረው ደግሞ አንዲት የጎማ ቺንጋ ናት። ያችው ቺንጋ ዲናሞውንም ታዞራለች። ስለዚህ በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ድንገት ቢበራ «ባትሪ አልሞላም ማለት ነው፤ እደርሳለሁ» ብሎ መቀጠል ትልቅ ስሕተት ነው። ቺንጋዋ ተበጥሳ ከሆነ ነፋሱም ቆሟልና፥ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተሩ ይቃጠላል። ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። ዘይቱም ቢሆን ከ2 ሊትር ተኩል ስለማይበልጥና ሞተሩን በማቀዝቀዝ ረገድ ብዙ ስለሚረዳ፥ ቶሎ ቶሎ መለወጥ፥ በየጧቱም መለካት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ውርደቴን ልናገር። ቫልቮቹን ራሴ ላስተካክል ብዬ መጽሐፍ አንብቤ፥ ክፍተቱን የሚለካውን ስስ ብረት ከሽማግሌው ተውሼ ወደ ቤት ሄድሁ። ሞተሩን አስነሥቼ በደንብ ካሞቅሁት በኋላ ለካሁ፤ ምክንያቴም «የሚሠራው በሙቀት ስለ ሆነ የሚለካውም በሙቀት መሆን አለበት» የሚል ነበር። በማግሥቱ ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣ ጀመር። ሽማግሌው ሰምተው «ስንት ሰዓት ላይ ለካኸው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «ልጆቹን ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል ብለህ የምታስተምር አንተ አይደለህም? ይህ ሞተር የሚለካው ሌሊቱን ተኝቶ ባደረ ጊዜ፥ ጧት ሳይነሣ ነው» አሉና በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊሜትር አድርገው መለሱት። ሦስተኛውን ሲሊንደር ሲለኩ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ረዥም ጊዜ ቆዩበት። በነዚህ አሮጌ ሞተሮች ውስጥ የዘይቱ ማቀዝቀዣ ወደ እርሱ በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ስለ ቆመ፥ ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ ይሞቃል፤ ቫልቭ ከተሰበረም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው የእርሱ ነው።

ያም ሆኖ ፊዚክስ ጨርሶ አላሳፈረኝም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ሲሆን አዋሽ ከ1,000 ሜትር አይበልጥም። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ ካርቡራተሩ ለአዲስ አበባ አየር ተስተካክሎ ወደ ቆላ ቢወርድ፥ በዚያ ለሚገኘው ወፍራም አየር ቤንዚኑ ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ይግላል። ይህን ለሽማግሌው በወረቀት ላይ ሥዬ ባሳየኋቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉና፥ ከመሳቢያቸው ቀዳዳዋ ሰፋ ያለች አንዲት ትንሽ የነሐስ ፍሬ አውጥተው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «እኔ ይህን የማውቀው አዋሽ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜ ነው። አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ካወቅኸው መልካም ነው» አሉ። በዚያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድሁት እየተንጎራደድሁ ነው።

ባትሪው የሚገኘው ከኋላው ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ሽቦ በእርጅና ሲረግብና ወፍራም ሰው ሲቀመጥበት ሽቦው የባትሪውን ሁለት ራስ ሊነካ፥ የወንበሩም ጭድ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ በላዩ የጎማ ምንጣፍ ቆርጠን አለበስነው። ባትሪው ያረፈበትም ወለል በዝገት ተበልቶ ስለ ነበር በአዲስ ላሜራ አስበየድሁት፤ የክረምት ጉዞ ነውና ከሥር የሚገባው ውኃ ከላይ ከሚዘንበው አያንስም። መብራቱ የድሮው 6 ቮልት ስለ ሆነ ከሻማ ብዙ አይሻልም። ስለዚህ «ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በየትም ቦታ ቢሆን ቆመን እናድራለን» የሚል ውል ከአባቴ ጋር ተዋዋልን። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ሊሾ ሆነው ስላገኘናቸው ለወጥናቸው፤ ጎሚስታውም ለስኮርታው አዲስ ካላማዳሪ አገባለት። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን፥ የእሳት ማጥፊያና ምልክት ማሳያ፥ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ተኩል ጨረስሁ። እርሱ የትዕግሥት እንጂ የዕውቀት ነገር አይደለም።

አንድ ማታ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው «ቺንጋ መለወጥ ትችላለህ?» አሉኝ። እንደምችል ነገርኋቸው። «እስቲ አሳየኝ» አሉ። የ21 ቁልፍና ካቻቢቴ ይዤ ገባሁበት። የመዘውሩ ቁጥር እንዳይዞር በካቻቢቴ መያዝ፥ ነቱን መፍታት፥ በመካከል የሚደረደሩትን ስስ ቀለበቶች መቁጠር ያስፈልጋል፤ ቀለበቶቹ ከመካከል በበዙ ቁጥር ቺንጋዋ ትላላለች፥ ባነሱ ቁጥር ትጠብቃለች። ሁለት ቀለበት ሣር ውስጥ ጣልሁ፤ ጣቴን ቆረጥሁ፤ በጠቅላላው 50 ደቂቃ ፈጀብኝ። አባቴ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው መጡና ያሰርሁትን ፈቱት። ጨለማ ነበር፤ ባይጨልምም ለእርሳቸው ያው ነበር። ፊታቸውን ወደ ደጁ አዙረው፥ ከእናቴ ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ እየተነጋገሩ፥ በጣታቸው ቀለበቶቹን አንድ ሁለት እያሉ ቆጥረው መልሰው አሰሩት። ቺንጋዋን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው «አንድ ጣት ተኩል ያህል ከገባች ደኅና ናት» አሉ። ምናልባት 10 ደቂቃ ቢሆን ነው። እነዚያን እጆች እያየሁ እኔ እነዳለሁ የሚለውን ቃል ለማውጣት አልቻልሁም።

አሁን ወደ ፍሬኑ እመጣለሁ።

ይህ ቮልስ በአራቱም እግሩ ያለው የታምቡር ፍሬን ነው። ሸራዎቹ አልቀው ስለ ነበር ለወጥን፤ ይህን ያለ ክርክር ከፈልሁ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው «አራቱም የጎማ ቱቦዎች ይለወጡ» አሉ። ዝቅ ብዬ አየኋቸው፤ አልተሰነጠቁም፥ ዘይት አያፈሱም። ዋጋቸውን ስጠይቅ የወር ደመወዜን ግማሽ የሚወስድ ሆኖ አገኘሁት። «ከመስከረም በኋላ ቢሆንስ? እነዚህ እኮ ደኅና ናቸው» አልሁ። ሽማግሌው «ጎማ ከላይ አምሮ ከውስጥ ያብጣል። ገንዘቡ ያንተ ነው፥ እግሩም ያንተ ነው። እኔ ግን ነግሬሃለሁ» ብለው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ሬዲዮና የወንበር ልብስ ባልገዛ ኖሮ ገንዘቡ በእጄ እንደ ነበር ሁለታችንም እናውቃለን፤ ወንበሩን አይተውታልና።

በተለይ በዚህ ዓይነት አሮጌ ቮልስ ላይ ፍሬኑ በአንድ መሥመር ብቻ የተያያዘ ነው። ከአራቱ ቱቦዎች አንዱ ቢፈነዳ አራቱም እግሮች ፍሬን ያጣሉ፤ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ይህን አንብቤአለሁ። አውቄውም ተውሁት።

ያን ዕለት ማታ አባቴ እራት ላይ ዝርዝሩን ጠየቁኝ። ዘይት? ተለወጠ። ካንዴላ? ተለወጠ። ሸራ? ተለወጠ። «የፍሬኑ ቱቦዎችስ?» አሉ። «ተለውጠዋል፥ አባባ» አልሁ። ቃሉ ከአፌ የወጣው እንጀራ እየቆረስሁ ሳለ ነበር፤ ምንም አልከበደኝም። ተማሪ የቤት ሥራውን ሠርቻለሁ ብሎ ዐይኔን እያየ ሲዋሸኝ እንዴት እንዲህ ይቀለዋል እያልሁ እገረም ነበር። እንግዲህ ቀላል ነው።

መነሻችን ሐምሌ 17 ቀን ይሁን ተባለ። ሐምሌ 13 ቀን እሑድ ስለ ነበር «እንጦጦ ወጥተን እንውረድና እንፈትነው» አሉ አባቴ፤ «ቁልቁለቱን እንደ ልማዴ እኔ እወርደዋለሁ፤ ዳገቱን አንተ ውጣ» ብለው ከቀኝ ተቀመጡ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እያጉረመረመ በደንብ ወጣ። ከላይ ደርሰን ስናዞር ዝናቡ ጀመረ። ቦታ እንለዋወጥ እንደሚሉ ጠብቄ ነበር፤ ግን ወደ ውጭ አሻግረው ጥቂት ተመለከቱና «ዝናብ ነው፤ በቃ አንተው ውረድ» አሉ።

ከግማሽ መንገድ በታች ስንደርስ አባቴ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ጀመር። እኔ የሰማሁት ነገር አልነበረም። «እግርህን ከፍሬኑ አንሣ» አሉ። አነሣሁ። «አነሣህ?» «አዎን» «የቀኙ የፊት እግር አልለቀቀም። ዳር ያዝ።» ይህን ሲሉኝ መሪው ወደ ቀኝ እንደሚስበኝ ያን ጊዜ ገና ተሰማኝ። በእጅ ፍሬንና በማርሽ ቀስ አድርጌ ዳር አቆምሁት። ወርጄ ታምቡሩን ለመንካት እጄን ባስጠጋሁ ጊዜ ከሩቁ ገረፈኝ፤ የዝናቡ ጠብታ በላዩ እየወደቀ እንደ ምጣድ ይንጫጫ ነበር፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታም ነበረ።

ምክንያቱ ሽማግሌው እንዳሉት ነበር። ቱቦው ከውስጥ ሲያብጥ ቀዳዳው ይጠባል። እግር በኃይል ሲጫን ዘይቱ ተገፍቶ ያልፋል፤ እግር ሲነሣ ግን የሚመልሰው ኃይል ትንሽ ስለ ሆነ እዚያው ታግዶ ይቀራል፤ ፍሬኑም ሳይለቅ እየተፋጨ ይሄዳል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአምስት ደቂቃ ላስረዳ እችል ነበር።

አባቴም ከወዲያ በኩል ወርደው ዝናብ ላይ ቆሙ። «ቱቦዎቹ ተለውጠዋል ብለኸኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው አልተቆጣም። «አልተለወጡም፥ አባባ። ዋሽቼዎት ነው። ገንዘቡን ሬዲዮ ገዛሁበት» አልሁ። መልስ አልሰጡኝም። ወደ እኔ ሊመጡ ከመኪናው ፊት ለፊት ዞረው አንድ እርምጃ እንደ ተራመዱ፥ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ በግራቸው በኩል አጠገባቸው አልፋ ሄደች፤ የሸክምዋ ጫፍ ትከሻቸውን ሊነካ ጥቂት ነበር የቀረው። ካለፈች በኋላ ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉና ኮፈኑን ያዙ።

«አላየኋትም» አሉ። ከዚያም ጥቂት ቆይተው «እኔም አንድ ነገር አልነገርኋችሁም። መንጃ ፈቃዴ በጥር ጊዜው አልፏል። ለማሳደስ ዐይን ይመረመራል፤ አልሄድሁም። የግራው ከመስከረም ጀምሮ ጭስ እንጂ ሌላ አያሳየኝም» አሉ። ሁለታችንም ቮልሱ ውስጥ ተመልሰን ገብተን ታምቡሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። አዲሱን ሬዲዮ ለመክፈት ያሰበ አልነበረም።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ጊዜ ያሳለፍሁት መርካቶ፥ ሱማሌ ተራ ነው። የማታውቀው ነገር ያስፈለገህ እንደ ሆነ እዚያ ሂድ፥ አንባቢ ሆይ፤ ሻጩ ስሙን ይነግርሃል፤ ለሌላ መኪና የተሠራውን ደግሞ «ይኸው ራሱ ነው» ብሎ ይምልልሃል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ቱቦ አገኘሁ። ሁለቱን ሽማግሌው ቀበሉ፤ ሦስተኛውን በጣታቸው አጥፈው «ይህ ለአትክልት ማጠጫ ይሁን» ብለው መለሱልኝ። የቮልስ ባለቤቶች ደግሞ እንደ እድርተኛ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አባቴ ስልካቸውን ከፍተው ከአሮጌ ወዳጆቻቸው አንድ በአንድ ጠየቁና፥ ከአንዱ ጓዳ ከነወረቀቱ የተቀመጠ ጥንድ ተገኘ። ሬዲዮውን በገዛሁበት ዋጋ ግማሽ ሸጥሁት። የወንበሩን ልብስ ግን የገዛው አልተገኘም፤ ዛሬም አለ።

ዓርብ ሐምሌ 18 ቀን ከሰዓት በኋላ ቱቦዎቹ ታሰሩ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ከመሥመሩ ውስጥ አየሩን ማስወጣት ነው፤ ይህም ሥራ ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ አንዱ ፔዳሉን ይጫናል፥ ሌላው እግሩ ሥር ተኝቶ ማስተንፈሻውን ይከፍታል፥ ይዘጋል። ሽማግሌው ረዳታቸውን ሊጠሩ ሲሉ አባቴ «እኔ እጫናለሁ» ብለው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ። እኔ ከሥር ተኛሁ። የሚጀመረው ከሁሉ ከሚርቀው ከቀኙ የኋላ እግር ነው፤ ቀጥሎ የግራው የኋላ፥ ከዚያም የፊቶቹ። እኔ «ይጫኑ» እላለሁ፤ እርሳቸው «ያዝሁ» ይላሉ፤ እከፍታለሁ፤ ዘይቱ ከነአረፋው ፊጭ ይላል፤ እዘጋለሁ፤ «ይልቀቁ» እላለሁ። እንዲህ እያልን አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። አረፋው እየጠፋ ሄዶ ዘይቱ ጥርት ብሎ በወረደ ጊዜ፥ እኔ ሳልነግራቸው ከላይ «አሁን ጠነከረ፤ ዝጋው» አሉ። እግራቸው ነግሯቸው ነው። ከዚያም ወርደው ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ሽማግሌው ይህን እያዩ የሞተሩን ክዳን እንደ ገና ሊወለውሉ ዞር አሉ።

የሐምሌ 19 በዓል አለፈን። እናቴ ስላመለጣቸው ልታጽናናቸው ብትሞክር «ገብርኤል ባልተሠራ ፍሬን ኑ አላለም» አሏት። በበዓሉ ዕለት አውቶቡስ ተራ ወርጄ ከድሬዳዋና ከሐረር የገቡትን ሾፌሮች መንገዱ እንዴት ነው፥ ሰላም ነው ወይ፥ ጎርፍ የቆረጠው ቦታ አለ ወይ እያልሁ ጠየቅሁ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥና በጥር በፈንታሌ አካባቢ ምድር ሲንቀጠቀጥ ሰንብቶ ስለ ነበር፥ ስለ መተሐራ ግድም ያለው መንገድም ጠየቅሁ። የሾፌር ወሬ ከማናቸውም ካርታ ይሻላል፤ ደግሞም አንድ ሻይ እንጂ ሌላ ዋጋ የለውም። ቁልቢ ላይ ጧት ጧት ጉሙ ከባድ መሆኑን የነገሩኝ እነርሱ ናቸው።

እሑድ ሐምሌ 20 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ከፊት ሻንጣው ውስጥ ስኮርታው፥ ክሪኩ፥ ሁለት ትርፍ ቺንጋ፥ ከእናቴ የተላከ አንድ ቅል ቅቤና ለእትዬ የተገዛ ነጠላ ነበር። በተጨማሪም በቆላው ሙቀት ቤንዚኑ መንገድ ላይ ተንኖ ፖምፓው ባዶ ቢስብ፥ ፖምፓውን የምናቀዘቅዝበት አሮጌ ፎጣና አንድ ጄሪካን ውኃ ያዝን። በፍጥነት መንገዱ እስከ አዳማ በደኅና ሄድን፤ ሁሉም እያለፈን ሄደ፥ እኛም ማንንም አላስቸገርን። አባቴ ከቀኝ ተቀምጠው እጃቸውን በጭናቸው ላይ አድርገው ድምፁን ብቻ ያዳምጡ ነበር። ከወለንጪቲ ወዲህ «ሦስተኛ» ወይም «አሁን አራተኛ» ይሉኛል፤ ብዙውን ጊዜ እኔ ልለውጥ ካሰብሁበት አንድ ቅጽበት ቀድመው ነው። በሰቃ ሐይቅ ዳር ስናልፍ ውኃው እስከ የት እንደ ደረሰ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው።

አዋሽ ስንደርስ ፀሐይዋ በርትታ ስለ ነበር ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምሁ። የነሐሷን ፍሬ እለውጥ ዘንድ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ነበረብን። አባቴ ወርደው አንድ እጃቸውን በመኪናው አካል ላይ እያስኬዱ ዙሪያውን ዞሩ፤ በየእግሩም ጎንበስ እያሉ መዳፋቸውን በታምቡሩ ላይ ያሳርፉ ነበር። አራተኛውን ከነኩ በኋላ ቀና ብለው «እኩል ናቸው» አሉኝ።

ይህን ጊዜ አንድ የ12 ዓመት ያህል ልጅ ጄሪካን ይዞ እየሮጠ መጣና ከቮልሱ ፊት ቆሞ «አባባ፥ ራዲያተሩን ልሙላው?» አላቸው። አባቴ በእጃቸው ዳስሰው ኮፈኑን ከፈቱለት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ቅሉን፥ ነጠላውንና ጎማውን አየ፤ ወደ አባቴ ቀና አለ፤ እንደ ገናም አየ። «ሞተሩን ሰርቀውባችኋል!» አለ።